የጀማሪ ዋናተኛ ጽናት ከየት ይመጣል?

ከጎለመሱ በኋላ ዋና የሚጀምሩ ሰዎች ሮሮ ይመሳሰላል፤ 25 ሜትር ሳይሞሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። በየብስ ያለ ችግር የሚሮጥ ሰው እንኳ ገንዳ ውስጥ ሲገባ ይህ ያጋጥመዋል። ብዙዎች ታዲያ ሳንባቸውን ይወቅሳሉ፤ መፍትሔውም እስኪዝሉ መዋኘት ይመስላቸዋል። የሯጩ ሁኔታ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ጉድለቱ የሳንባ ቢሆን ኖሮ እሱን ባልነካው ነበር። የጀማሪ ጽናት አስቀድሞ የሚገነባው የሚባክነውን ጉልበት በመቆጠብ ነው።

ምክንያቱ ከውሃው ባሕርይ ይጀምራል። የውሃ ጥግግት ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ የውሃው ተቃውሞ ወደ አራት እጥፍ ያድጋል። ሳንባ አየር ስለያዘ ደረት ይንሳፈፋል፤ ዳሌና እግር ግን ወደ ታች ያዘነብላሉ። ጀማሪው ለመተንፈስ ራሱን ቀና ሲያደርግ እግሩ ይበልጥ ይሰምጣል፤ ያን ለማካካስ በኃይል ይራገጣል። ትልልቆቹ የእግር ጡንቻዎች ብዙ ኦክስጅን ይፈጃሉ፤ በነፃ ቀዘፋ ወደፊት የሚገፋው ግን በዋናነት ክንድ ነው። የኦሊምፒክ ዋናተኛው የማርክ ስፒትዝ አሠልጣኝ የነበሩት ጄምስ ካውንስልማን ዋናተኞችን ውሃ ውስጥ በፊልም እየቀረጹ እንቅስቃሴያቸውን አጥንተዋል፤ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍም ዋናን በፊዚክስ ሕግ ተንትነዋል። የዋና አሠልጣኙ ቴሪ ላፍሊን ደግሞ በ1990ዎቹ ይህንኑ አስተሳሰብ ለአዋቂ ጀማሪዎች አቀረቡት፤ ከጡንቻ በፊት ሚዛን ይቀድማል አሉ።

ትንፋሽም እንዲሁ ነው። ጀማሪው ፊቱ ውሃ ውስጥ ሳለ አየሩን አምቆ ይይዛል። አየር የመሻት ጭንቀቱን በዋናነት የሚቀሰቅሰው በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ስለዚህ ፊት ውሃ ውስጥ ሳለ በዝግታ ማስወጣት፣ ራስን ወደ ጎን ሲያዞሩ ደግሞ ማስገባት ብቻ መልመድ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ፣ እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ስለሚያንስ፣ ይህ ልማድ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ብዙ ሳይዋኙ ልብና ጡንቻ አይጠነክሩም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ ብልሃት ብቻውን 1,000 ሜትር አያስዋኝም። ነገር ግን የደከመ አካል ቅርጹን ያጣል፤ በዚያ ሁኔታ መደጋገም ደግሞ ስሕተቱን ያሰርጻል። ሁለቱን የሚያስታርቀው መንገድ 25 ሜትር ዋኝቶ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማረፍና መድገም ነው። እጅ ስንት ጊዜ እንደቀዘፈ መቁጠርም ይጠቅማል፤ ቁጥሩ ሲያሻቅብ ቅርጹ መበላሸቱን ያሳብቃል። ያኔ ማረፍ እንጂ መታገል አይበጅም። በሳምንት ሦስት አጫጭር ልምምዶችም ከአንድ ረጅም ልምምድ ይሻላሉ።

ዕድሜ አልፏል የሚሉም አሉ። ይሁን እንጂ በአሜሪካ የአዋቂዎች ዋና ውድድር ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲካሄድ ኖሯል። አዋቂ ሰው ከልጅ ይልቅ ፍርሃት ያጠቃዋል፤ ነገር ግን ምክንያቱ ሲነገረው ይረዳል፣ ራሱንም ያርማል። ስለዚህ አሠልጣኞች ጀማሪውን ርቀት ከማስቆጠራቸው በፊት መንሳፈፍና መተንፈስ ሊያስተምሩት ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. 300,000 ያህል ሰዎች ሰምጠው እንደሞቱ ገምቷል። ሳይደናገጥ መንሳፈፍና መተንፈስ የቻለ ሰው ለርቀቱም ለሕይወቱም መሠረት አለው።