«ሰዓት ነጋሪ» ስለሚለው ስያሜ

በአንድ መረብ የተያያዙ ኮምፒዩተሮች ሰዓታቸው እንዲገጣጠም አንዱ ለሌሎቹ ትክክለኛውን ሰዓት ይነግራል። ይህ ጽሑፍ ለዚህ መሣሪያ የሚስማማውን ስያሜና የአተረጓጎሙን ጥንቃቄ ይመለከታል።

መሣሪያው ለምን እንደሚያስፈልግ የመቀሌ ሁኔታ ያስረዳል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. አንሥቶ ለሕዝብ የሚሰጠው ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ በመቋረጡ ሰዓትን በዚያ መንገድ ከውጭ መጠየቅ አይቻልም ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሳተላይት ሰዓት የሚቀበል ዕቃ የተገጠመለት ርካሽ ባለአንድ ሰሌዳ ኮምፒዩተር ብቻውን ሊያገለግል ይችላል። ሆኖም ከእነዚህ አንዱ የሆነው ራስፕቤሪ ፓይ እስከ አራተኛው ሞዴል ድረስ በባትሪ የሚቆጥር የራሱ ሰዓት ስለሌለው መብራት ሲጠፋ መቁጠሩን ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አምስተኛው ሞዴል ግን ሰዓቱ አብሮት ተሠርቷል፤ ባትሪው ለብቻው ይገጠማል። እንግዲህ መራጩ ከዋጋው አስቀድሞ ይህን ማጣራት አለበት።

ወደ ስያሜው ስንመለስ፣ «ጊዜ ሰጪ» ቢባል «ፋታ የሚሰጥ» የሚል ፍች ያመጣል፤ «ጊዜ የማይሰጥ ጉዳይ» እንደምንለው ነው። «የሰዓት አገልጋይ» የሚለውም በሥራ ላይ ቢውል፣ «አገልጋይ» አስቀድሞ የሚያሳስበው ሰውን ነው። መሣሪያው ሲጠየቅ የሚመልስ በመሆኑ፣ በ«ታሪክ ነጋሪ» አምሳያ «ሰዓት ነጋሪ» ብንለው ጽንሰ ሐሳቡ ይገለጻል።

ከባዱ ችግር ግን «ሰዓት» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ቃሉ መሣሪያውንም፣ የ60 ደቂቃ ልክንም፣ የቀኑን ክፍል ቁጥርም ይጠራል። ከዚህም በላይ በአማርኛም ሆነ በትግርኛ ቆጠራው ከንጋት ይጀምራል። ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ የሚለዋወጡት ዓለም አቀፉን ሰዓት ሲሆን የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚያ በ3 ይቀድማል። ስለዚህ ዓለም አቀፉ ሰዓት ጠዋት 6፡00 ሲል የአገራችን 9፡00 ይሆናል፤ እኛ ግን በአነጋገራችን «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» እንለዋለን። «ሰዓቱን 3 ላይ አድርግ» የሚለውን መመሪያ ያነበበ ሠራተኛ ሰዓት ነጋሪውን በዚህ ቁጥር ቢሞላው መረቡ በሙሉ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ የደብዳቤዎችና የመዝገቦች ቅደም ተከተልም ይፋለሳል።

ስለሆነም ተርጓሚዎች ቁጥር በጻፉ ቁጥር «በዓለም አቀፍ ቆጠራ» ወይም «ከንጋት በሚጀምር ቆጠራ» የሚለውን እንዲጨምሩ፣ የሰዓቱን ልዩነት ሲያመለክቱም «በ3 ሰዓት የሚቀድም» ብለው እንዲጽፉ እናሳስባለን።