ለተከዘ ልብ አንድ ጣሳ ናና

  

በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው በመስኮት ሥርና በደጃፍ በጣሳ ስለሚተከሉ አትክልቶች ነው። «ኢማም ስለ ናና ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ያነሣነው በምክንያት ነው። ባሏ የሞተባት እህት ነፍሰ ጡር ካልሆነች 4 ወር ከ10 ቀን ዒዳ ትቀመጣለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለቀስተኛው ቤቱን ይሞላዋል፤ ከዚያ በኋላ እየሳሳ ይሄዳል። ቀኑ ይረዝማል፤ እጅም ሥራ ይፈታል። ጉልበታቸው ደክሞ ከቤት የዋሉ አዛውንቶች፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ወይም ዐረብ አገር የሄዱባቸው እናቶችም እንዲሁ ናቸው። ለእነዚህ ሁሉ ቁርኣንና ዱዓእ ትልቁ መጽናኛ መሆኑ የታወቀ ነው። ከዚህ ጎን ግን እጅን ሥራ የሚያስይዝ፣ «ነገስ ምን ያህል አድጎ ይሆን?» የሚያሰኝ ትንሽ ነገር ቢኖር ይረዳል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆንለት ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በሌላ ሐዲስ ደግሞ ቂያማ ሊቆም እንኳ በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክለው አዘዋል። ዓለም ያበቃላት የመሰላት ሐዘንተኛ ከዚህ የምትወስደው ትምህርት አለ።

በምን እንጀምር?

እኛ ባለንበት በዘመሮና በመላው የመንዝ ደጋ ብርድ ይበረታል። ስለዚህ ጀማሪ ሰው ብርድ በሚችል ተክል ቢጀምር ይሻላል። ከሁሉም የሚቀለው ናና ነው። ጣት የሚያህሉ ሦስት አራት ቀንበጦች ከጎረቤት ለምኑ። የታችኛውን ቅጠል አራግፉና በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቁሟቸው፤ ውሃውንም በየሁለት ቀኑ ቀይሩ። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነጫጭ ሥሮች ይወጣሉ፤ በብርድ ወቅት ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ያን ጊዜ ወደ አፈር ይዛወራል። ጤና አዳምም ከተቆረጠ ቅርንጫፍ ይበቅላል። እሬት ደግሞ ከእናቲቱ ሥር የሚወጣውን ልጅ ነጥሎ በመትከል ይራባል። በሶብላ ግን ሙቀት ወዳድ ነው፤ ውርጭ ይገድለዋልና ልምድ እስክታገኙ አቆዩት።

አፈርና ጣሳ

በ12ኛው ክፍለ ዘመን በአንደሉስ፣ በኢሽቢልያ ከተማ የኖረው ኢብኑል ዐዋም «ኪታቡል ፊላሓ» የተባለ ትልቅ የእርሻ መጽሐፍ ጽፏል። መጽሐፉ የሚጀምረው ስለ አፈር በማስረዳት ነው፤ ከዚያ ወደ ፍግ፣ ቀጥሎም ወደ ውሃ ይሸጋገራል። ለእኛም ጣሳ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው።

ጥቁር አፈር ብቻውን ሲረጥብ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በመሆኑም አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይቀላቀልበት። ትኩስ እበት ሥሩን ስለሚያቃጥል አይሆንም። ጣሳውን ከሥሩ አራት አምስት ቦታ በምስማር ብሱት። ቀዳዳ የሌለው ዕቃ ምንም ያህል ቢያምር ለተክል መቃብሩ ነው።

ውሃው ላይ እንጠንቀቅ

ጀማሪ ሰው ተክሉ የሚሞትበት አብዛኛውን ጊዜ ቸል ስላለው ሳይሆን አብዝቶ ስለሚያጠጣው ነው። ሥር እንደ ሰው ትንፋሽ ይፈልጋል። ትንፋሹን የሚያገኘው በአፈሩ መካከል ካለው አየር ነው። ውሃ ሲበዛ አየሩ ይወጣል፤ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ይጠወልጋል። ባለቤቱ ይህን አይቶ «ጠማው» ይልና ይጨምርበታል። በርኅራኄ ገደለው ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እርጥብ ከሆነ ተዉት፤ ከደረቀ ከሥር እስኪንጠባጠብ አጠጡት። እሬት ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ደርቆ ይቆያል። ሳሙና ያልገባበት የዉዱእ ውሃ በሳፋ ቢጠራቀም ለዚህ ይበቃል፤ ውሃ ከሩቅ ለሚቀዳበት ቤት ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው።

ብርሃንና ውርጭ

የድንጋይ ቤቶቻችን መስኮት ጠባብ ነው። ጣሳው መስኮቱ አጠገብ ይቀመጥ፤ ወደ ብርሃን ብቻ እንዳያዘነብልም በየሳምንቱ ይዙር። ቀን ወደ ደጅ ማውጣትም ይቻላል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ግን ውርጭ ስለሚወርድ ማታ ማታ ወደ ቤት ይግባ፤ ከምድጃው ጭስም ይራቅ።

እረፍቱ ከየት ይመጣል?

ሮጀር ኡልሪች የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1984 (እ.ኤ.አ) አንድ ጥናት አሳትሞ ነበር። በፔንሲልቬንያ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን መዝገብ አነጻጽሯል። በመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸው የነበሩት፣ ግንብ ብቻ ከሚታያቸው ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም አነስተኛ ነበር። ቅጠል መድኃኒት ነው ማለታችን አይደለም። እንቅልፍና ምግብ የከለከለ፣ ሳምንታት ያለፉት ሐዘን ለጤና ባለሙያ መታየት አለበት፤ መታከምም ሰብር ማጣት አይደለም።

የጣሳው ጥቅም ሌላ ነው። በየማለዳው ቀርቦ ማየትን፣ ነክቶ ማወቅን፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መስጠትን ያስተምራል። ለካ ሐዘንተኛን ስንጠይቅም እንዲሁ ነው! ሁላችን ተሰብስበን ምክር የምናወርድባት እህት እንደዚያ ጣሳ ልትጥለቀለቅ ትችላለች። ስለዚህ አስቀድመን «ዛሬ እንዴት አደርሽ?» ብለን መልሷን እንስማ።

ለቀስተኛው ሲበተን፣ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ወር እህታችሁን ለመጠየቅ ስትሄዱ ሥር ያወጡ ሁለት የናና ቀንበጦች ያዙላት። ናና ቶሎ ይበዛል። ዒዳዋ ሲያልቅ እርሷም በተራዋ ለጎረቤቷ ቀንጥሳ የምትሰጠው ታገኛለች፤ ጎረቤቷ ሙስሊምም ሆነች ክርስቲያን የጉርብትና ሐቅ አላት።

አላህ ያዘኑትን ያጽናናልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።