አዊ "ዞን" ብቻ አይደለም፦ የራሱ ምክር ቤት ያለው ለምንድን ነው?

ሁላችንም ስንጠራው "አዊ ዞን" ነው የምንለው። ሕጋዊ ስሙ ግን የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ነው። የስም ልዩነት ብቻ ይመስላል አይደል? አይደለም። ዛሬ ይህን እናስረዳለን፤ ለማነጻጸሪያ ደግሞ ከተማዋ ራሷ መንግሥት የነበረችውን የጥንቷን አቴንስ እንጠቅሳለን።

👉 ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

በአማራ ክልል መደበኛ ዞኖች ሕዝብ የመረጠው የዞን ምክር ቤት የላቸውም። የክልሉ መንግሥት ክንድ ናቸው። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት ግን ለአዊ፣ ለኽምራና ለኦሮሞ ሕዝቦች የብሔረሰብ አስተዳደር ሰጥቷል። መቀመጫቸው እንጅባራ፣ ሰቆጣና ከሚሴ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው።

የእኛ ምክር ቤት ዋና አስተዳዳሪውን ይመርጣል፣ ዕቅድ ያጸድቃል፣ የብሔረሰቡን የሥራ ቋንቋ ይወስናል። ሕፃናት በአንደኛ ደረጃ በአዊኛ ሲማሩ የምናየው ራስን በራስ የማስተዳደር መብት መሬት ሲነካ ነው።

👉 አቴንስስ እንዴት ትተዳደር ነበር?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን የአቴንስ ዜጎች በዓመት ብዙ ጊዜ ኮረብታ ላይ ተሰብስበው በጦርነት፣ በግብርና በሕግ ላይ እጅ እያወጡ ይወስኑ ነበር። አጀንዳውን የሚያዘጋጅ 500 አባላት ያሉት ምክር ቤት ነበራቸው፤ ከ10 ጎሳዎች ከእያንዳንዳቸው 50 ሰው። አባላቱ የሚለዩት እንደ ዕቁብ በዕጣ ነው! የሚቀመጡትም አንድ ዓመት ብቻ፤ አንድ ሰው በዕድሜው ከሁለት ጊዜ በላይ አይገባም። ሥልጣን አንድ ሰው እጅ ላይ እንዳይከርም ማለት ነው።

ግን አናሞካሻት። ሴቶች፣ ባሪያዎችና የውጭ ሰዎች ድምፅ አልነበራቸውም። አብዛኛው ነዋሪ ከደጅ ነበር። በእኛ ሕግ ግን 18 ዓመት የሞላው ዜጋ፣ ሴትም ወንድም፣ ይመርጣል። በዚህ እንበልጣቸዋለን።

👉 የምናንሰውስ በምንድን ነው?

በጊዜ። አቴንስ ምክር ቤቷን በየዓመቱ ትቀይር ነበር። እኛ ጋ የምክር ቤት ዘመን 5 ዓመት ነው። አገር አቀፉ የአካባቢ ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ተካሄደ፤ ቀጣዩ በ2010 ዓ.ም. መሆን ሲገባው ተራዘመ። በ2005 ሦስተኛ ክፍል የነበረ ልጅ 18 ዓመት ሞልቶት እንኳ የቀበሌና የወረዳ ተወካዩን የመምረጥ ዕድል ሳያገኝ ዓመታት አለፉ። ምክር ቤት ጉልበቱ ከመራጩ ነው፤ መራጩ ሳይጠየቅ ሲቆይ ጉልበቱም ይሳሳል።

👉 ታዲያ ምን እናድርግ?

የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ሁለት ነገር ይላል፦ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት፤ ሕዝብም እምነት ያጣበትን ተወካይ ማንሳት ይችላል። ስለዚህ ምርጫ እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። የቀበሌያችሁ ተወካይ ማን ነው? ምክር ቤቱ መጨረሻ የተሰበሰበው መቼ ነው? ምን ወሰነ? በዚህ ሳምንት አንዱን ጠይቁና መልሱን ኮመንት ላይ አስቀምጡልን።