የቶሮንቶ ደጋፊ ከመጪው የሆኪ ውድድር ምን ይጠብቅ?

በየዓመቱ መስከረም ሲያልቅ በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ አንድ ክርክር ይነሣል፤ ይኸውም «የሜፕል ሊፍስ ቡድን ዘንድሮስ ዋንጫውን ያመጣ ይሆን?» የሚለው ነው። ቡድኑ የስታንሊን ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ የወሰደው በ1967 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ለፍጻሜው ግጥሚያ እንኳ አንድ ጊዜ አልደረሰም። እኔም ከሩቅ ሆኜ የዚሁ ቡድን ደጋፊ ነኝ፤ ስለዚህ የአዲሱ ዓመት ጨዋታ ሲከፈት ምን ተስፋ ማድረግ፥ ምንንስ መጠርጠር እንደሚገባ ለተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ ላስረዳ።

ጨዋታውን አይቶ ለማያውቅ ሰው ከእግር ኳስ ይልቅ የእኛን ገና ቢያስብ ይቀርበዋል። ዱላውም አለ፥ ግፊያውም አለ። ነገር ግን በሩር ፈንታ የሚመታው ከጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ ነገር ነው፤ ሜዳውም በረዶ ስለ ሆነ ተጫዋቾቹ ከሥሩ ስለት ባለው ጫማ ይንሸራተታሉ። ከእያንዳንዱ ወገን በረኛውን ጨምሮ ስድስት ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ድካሙ ብርቱ በመሆኑም አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ እየወጡ በሌሎች ይተካሉ። በዚህ ምክንያት አንድ ቡድን በሁለትና በሦስት ጎበዞች ብቻ ሊቆም አይችልም። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

ውድድሩ ሁለት ክፍል አለው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ፥ ማለትም በእነሱ ክረምት በእኛ በጋ፥ 32 ቡድኖች እያንዳንዳቸው ከ80 በላይ ጨዋታ ይጫወታሉ። ከዚያ 16ቱ ተመርጠው በአራት ዙር ይጋጠማሉ፤ በየዙሩም ከሰባት ጨዋታ አስቀድሞ አራቱን ያሸነፈ ያልፋል። የቶሮንቶ ደዌ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ2021–22 ቡድኑ 54 ጨዋታ አሸንፎ 115 ነጥብ ሰበሰበ፤ በታሪኩ ከዚያ የበለጠ አግኝቶ አያውቅም ነበር። አጥቂው ኦስተን ማቲውስም 60 ጎል አገባ። በሚያዝያ ማለቂያ ከታምፓ ቤይ ጋር በተገናኘ ጊዜ ግን በመጀመሪያው ዙር፥ በሰባተኛው ጨዋታ ወደቀ።

ለምን? በመጀመሪያው ክፍል ተጋጣሚው በየምሽቱ ይለወጣል፤ ደካማውም፥ ከጉዞ የደከመውም ይመጣል፤ ጎበዝ አጥቂዎች ያሉት ቡድን ከእነዚህ ላይ ነጥቡን ይለቅማል። በሁለተኛው ክፍል ግን ያው አንድ ባላጋራ ለሁለት ሳምንት ያህል ፊት ለፊት ይቆማል፤ አሠልጣኙም ማንን በማን እንደሚያስጠብቅ ከጨዋታ ወደ ጨዋታ እያጠና ያስተካክላል። ጎበዞቹ በታሰሩ ጊዜ ጎል ማግባት ያለባቸው ሦስተኛውና አራተኛው ተርታ ናቸው፤ ቶሮንቶ ደግሞ በእነዚህ ድኻ ነበረ።

ድኽነቱ በገዛ እጁ የመጣ ነው ለማለት እደፍራለሁ። የ2004–05 ውድድር በባለ ቡድኖችና በተጫዋቾች ጠብ ከተሰረዘ በኋላ ሊጉ ማናቸውም ቡድን ለተጫዋቾቹ ደመወዝ ከተወሰነ ገንዘብ በላይ እንዳያወጣ ደንብ አቆመ። በ2019–20 ጣሪያው 81 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ነበር። ቶሮንቶ ከዚህ ውስጥ ወደ 40 ሚሊዮን ተኩል የሚሆነውን ለአራት አጥቂዎች ማለትም ለታቫሬስ፥ ለማቲውስ፥ ለማርነርና ለናይላንደር ሰጠ። ጣሪያው በየዓመቱ ከፍ ሲል ቀዳዳው ይደፈናል ብለው አስበው ነበር፤ ግን በ2020 ወረርሽኙ መጣና ጣሪያው ባለበት ቀረ። በረኛው፥ ተከላካዮቹና የኋላ ተርታዎቹ በተረፈው ግማሽ ተቃመሱ። ማርነር በ2025 ሰኔ ወር ማለቂያ ወደ ቬጋስ ሲሄድ ብዙ ደጋፊ አዘነ፤ እኔ ግን የማርነር ደመወዝ ለስንት ሰው ይበቃል ብዬ ስቆጥር ነበር።

ሌላም የቆየ ነገር አለ። ከ1972 እስከ 1990 ድረስ የቡድኑ ጌታ የነበረው ሃሮልድ ባላርድ በማጭበርበርና በስርቆት ተፈርዶበት የታሰረ ሰው ነው፤ በቡድኑም ላይ ገንዘብ ሲቆጥብ ኖረ። ቢሆንም ወንበሩ ሁሉ ይሸጥ ነበር። የተሸነፈ ቡድን ትኬቱ ካላደረ ባለቤቱ ለምን ይቸኩላል? ስለዚህ እኛ ደጋፊዎች ታማኝነታችንን እንደ ጽድቅ ብቻ ባንቈጥረው መልካም ነው። የ1967ቱን ድል የሚያወሱ ሽማግሌዎችም በዚያ ዓመት ሊጉ ስድስት ቡድን ብቻ እንደ ነበረው አይናገሩም። የዚያን ጊዜው ቡድን እጅግ ደስ የሚል ነበር፤ በረኛው ጆኒ ባወር 42 ዓመቱ ነበረ! ነገር ግን ከስድስት አንዱ መሆንና ከ32 አንዱ መሆን እኩል አይደለም።

እንዲህ ከሆነ ተስፋ መቁረጥ ይሻላል? አይሻልም። የዋሽንግተን ቡድን በ2016ም በ2017ም ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ሆኖ ሳለ ሁለት ጊዜ በሁለተኛው ዙር በፒትስበርግ ተሸነፈ፤ በ2018 ግን ያንኑ ፒትስበርግን አስወጥቶ ዋንጫውን ወሰደ። የሴንት ሉዊስ ቡድን በ2019 ጥር መግቢያ ከሁሉ በታች ነበር፤ በሰኔ ዋንጫውን ተሸከመ። ቶሮንቶ ራሱ ከ2004 ጀምሮ አንድም ዙር አልፎ የማያውቀው በ2023 ታምፓን አስወጣ። በ2025ም ኦታዋን አልፎ፥ ፍሎሪዳን 2 ለ 0 መርቶ፥ በኋላ በሰባተኛው ጨዋታ በገዛ ሜዳው 6 ለ 1 ተሸነፈ። ያችን ሌሊት ለማስታወስ ባልፈልግም፥ ፍሎሪዳ በዚያው ዓመት ዋንጫውን መውሰዱ አይረሳ።

እንግዲህ መጪውን ውድድር የሚከታተል ሰው የነጥቡን ሰንጠረዥ ትቶ ሦስት ነገር ይመልከት። መጀመሪያ፥ ከጎሉ ስንቱን ያገባው የሦስተኛውና የአራተኛው ተርታ ነው? ሁለተኛ፥ ቡድኑ በአንድ ጎል እየመራ የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች እንዴት ያሳልፋል፤ ሩጫውን ይቀጥላል ወይስ ወደ በረኛው ያፈገፍጋል? በ2013 በቦስተን፥ በሰባተኛው ጨዋታ፥ 4 ለ 1 እየመራ 5 ለ 4 የተሸነፈው እንዲህ በማፈግፈግ ነው። ሦስተኛ፥ በረኛው መጥፎ ጎል በገባበት ማግስት ምን ይሆናል? ሁለቱን እስከ ገና ድረስ ማወቅ ይቻላል። የበረኛው ነገር ግን እስከ ሚያዝያ አይታወቅም።