አበሉ በማን እጅ ይሰጥ? ኤሌኖር ራትቦን በእንግሊዝ ፓርላማ ያደረጉት ክርክር

ለአንድ የቲም ወይም ለችግረኛ ቤተሰብ ወርኃዊ ድጋፍ ሲመደብ፣ ከገንዘቡ መጠን ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ «በማን እጅ ይሰጥ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ሲሰሙት የጽሕፈት ቤት ሥራ ብቻ ይመስላል፤ ፎርም ላይ የሚሞላ አንድ ስም። ይሁን እንጂ ይኸው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1945 በእንግሊዝ ፓርላማ ብርቱ ክርክር አስነስቶ፣ ለሃያ ስምንት ዓመታት የተለፋበትን ሕግ ከመጽደቁ በፊት ለአደጋ አጋልጦት ነበር። ሕጉን ለማውጣት ከማንም በላይ የደከሙት ሴት ናቸው፣ ስህተቱ ካልታረመ በገዛ ሕጋቸው ላይ የተቃውሞ ድምፅ እንደሚሰጡ ያስጠነቀቁት። እኒህም የምክር ቤት አባል ወይዘሪት ኤሌኖር ራትቦን ይባላሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤሌኖር ራትቦን በ1872 በለንደን ተወለዱ። ቤተሰባቸው በሊቨርፑል ወደብ በንግድና በበጎ አድራጎት የታወቀ ሲሆን፣ አባታቸው ዊልያም ራትቦን የፓርላማ አባል ከመሆናቸውም በላይ ድሆች በየቤታቸው በነርስ እንዲታከሙ የሚያስችለውን አገልግሎት በሊቨርፑል ያስጀመሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸውም በኦክስፎርድ ፍልስፍናን ካጠኑ በኋላ ወደ ሊቨርፑል ተመልሰው የድሆችን ኑሮ መመርመር ጀመሩ። በመጀመሪያ ያጠኑት በወደቡ የቀን ሥራ እየጠበቁ የሚውሉትን ሠራተኞች ኑሮ ሲሆን፣ በ1913 ደግሞ ባሎቻቸው የሞቱባቸውና በጊዜው የድሆች ሕግ በሚሰጠው አነስተኛ እርዳታ ልጆቻቸውን ስለሚያሳድጉ እናቶች የተዘጋጀ ዘገባ አሳተሙ። በ1909 የሊቨርፑል ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነው ሲመረጡ ለዚያ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ።

ሐሳባቸውን ከሁሉ ይበልጥ የቀረፀው ግን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። ባሎች ወደ ግንባር ሲዘምቱ መንግሥት ለሚስቶቻቸው የመለያየት አበል ይከፍል ነበር፤ ራትቦንም በሊቨርፑል ይህን ሥራ ከሚያስተባብሩት አንዷ ሆኑ። አበሉ በሁለት ነገር ከተለመደው የሠራተኛ ደመወዝ ይለያል። አንደኛ፣ በልጆች ቁጥር ልክ ከፍ ይል ነበር። ሁለተኛ፣ በቀጥታ የሚከፈለው ለሚስቲቱ ነበር። አባት በሌለበትና የምግብ ዋጋ በናረበት በዚያ ጊዜ፣ ቀድሞ የዕለት ጉርስ የሚያሳስባቸው ብዙ ቤቶች ኑሯቸው ደህና ሲሆን ልጆቹም ወዝ ሲያወጡ ራትቦን ተመለከቱ። እንዲህ ያለውን ነገር ከመጽሐፍ ማንበብና በየቤቱ እየዞሩ ማየት አንድ አይደለም፤ በኋላ በምክር ቤቱ ውስጥ የተናገሩት ሁሉ ክብደት ያገኘው በዚህ ይመስለናል። በ1917 ጥቂት የሐሳብ አጋሮችን አሰባስበው ይህ አሠራር በሰላም ጊዜም እንዲቀጥል የሚጠይቅ ኮሚቴ አቋቋሙ።

በ1924 ባሳተሙት መጽሐፍ ያቀረቡት ዋና መከራከሪያ የሚከተለው ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ለሥራ እንጂ ለቤተሰብ ብዛት አይደለም። ሚስትና ልጅ የሌለው ወጣትና የስድስት ልጆች አባት በአንድ ማሽን ፊት ለፊት ቆመው እኩል ይሠራሉ፤ በሳምንቱ መጨረሻም እኩል ይቀበላሉ። የጊዜው ሊቃውንት «በቂ ደመወዝ» ሲያሰሉ ባል፣ ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉትን የአምስት ሰው ቤተሰብ መለኪያ ያደርጉ ነበር። በዚህ ስሌት ልጅ የሌለው ሰው ለሌሉ ልጆች ይከፈለዋል፤ አምስትና ስድስት ልጆች ባሉበት ቤት ግን ከሦስተኛው በኋላ የተወለዱት ከነጭራሹ አልተቆጠሩም። ስለዚህ ራትቦን ድህነት ከሁሉ አስቀድሞ ልጆችን የሚመታው በወላጆች ስንፍና ሳይሆን በአከፋፈሉ ሥርዓት ምክንያት ነው አሉ። መፍትሔው፣ ልጅን የሚያሳድግ ሁሉ ከማኅበረሰቡ በልጁ ስም የተወሰነ ገንዘብ በየሳምንቱ እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

በ1929 የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ድምፅ በሚሰጡበት ልዩ የምርጫ ክልል ተወዳድረው፣ የየትኛውም ፓርቲ አባል ሳይሆኑ ፓርላማ ገቡ። እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚያው ወንበር ቆዩ። ፓርቲ የሌለው ሰው ሚኒስትር የመሆን ተስፋ የለውም፤ በአንጻሩ አለቃ ተቆጥቶ ዝም አያሰኘውም። ራትቦን ይህን ነፃነት በሚገባ ተጠቅመውበታል።

የ1930ዎቹ ዓመታት የሥራ አጥነት ዘመን ነበሩ። ሥራ አጥ ለሆነ አባት በእያንዳንዱ ልጅ ይታሰብ የነበረው በሳምንት 2 ሺሊንግ ነበር። (አንድ ፓውንድ በዚያን ጊዜ 20 ሺሊንግ፣ አንድ ሺሊንግም 12 ፔንስ ነበር።) በ1933 የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር የሰውን ጤንነት ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን አነስተኛ የምግብ መጠንና ዋጋውን የሚያሳይ ዝርዝር ሲያወጣ፣ ራትቦንና አጋሮቻቸው ዝርዝሩን ይዘው ወደ ሚኒስትሮቹ ቀረቡ። ክርክራቸው ቀላል ነበር፤ ሐኪሞች ለአንድ ልጅ ያስፈልጋል ያሉትን ምግብ በ2 ሺሊንግ የሚገዛ ገበያ ካለ ያሳዩን የሚል ነበር። የልጆችን ዝቅተኛ ፍላጎት ለማስከበር አንድ ምክር ቤት አቋቁመው፣ ድሆች ቤት ላሉ ልጆች ወተትና የትምህርት ቤት ምግብ እንዲቀርብ ያለመታከት ወተወቱ። በ1934 በወጣው የወተት ሕግ መሠረት የትምህርት ቤት ልጆች የአንድ ፓይንት ሲሶ ወተት በግማሽ ፔኒ መግዛት ቻሉ፤ በ1946 ደግሞ ወተቱ በነፃ ሆነ። ጤና ሐኪም ቤት ውስጥ ብቻ የሚገኝ ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው፣ ይህ የጤና ፖሊሲ ክርክር መሆኑን ላያስተውል ይችላል።

የቤተሰብ አበልን የተቃወሙት ባለሀብቶች ብቻ አልነበሩም። አንዳንዶች የአባትን ኃላፊነት ያላላል አሉ። የሠራተኛ ማኅበራት በበኩላቸው፣ መንግሥት ልጆቹን ከመገበ አሠሪው ደመወዝ ይቀንሳል ብለው ሰጉ፤ ይህ ስጋት ከንቱ ነው ተብሎ የሚናቅ አልነበረም። ጠቅላላው የማኅበራት ጉባኤ ሐሳቡን የደገፈው በ1942 ነው። ሁኔታውን የለወጠው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲሆን፣ የኢኮኖሚ ሊቁ ጆን ሜይናርድ ኬንዝ በ1940 ለጦርነቱ ወጪ ባቀረቡት ዕቅድ ውስጥ የልጆች አበልን አካተቱ። በ1942 መጨረሻ የወጣው ታዋቂው የቤቨሪጅ ዘገባም ከመጀመሪያው ልጅ በኋላ ለሚወለድ ለእያንዳንዱ ልጅ በአማካይ 8 ሺሊንግ እንዲከፈል መከረ።

መንግሥት ግን ረቂቅ ሕጉን ይዞ የመጣው 8 ሺሊንጉን ወደ 5 ቀንሶ ነው። የቀረው በትምህርት ቤት ምግብና በወተት ይካካሳል አለ። ከዚህም የባሰው በረቂቁ ውስጥ የገባ አንድ አንቀጽ ነበር፤ የአበሉ ባለቤት አባት እንዲሆን ይደነግጋል። ምክንያት ተብሎ የቀረበው፣ በሕግ ልጆቹን የመቀለብ ግዴታ ያለበት አባት ስለሆነ ነው የሚል ነበር።

ረቂቁ ማርች 8 ቀን 1945 ለሁለተኛ ንባብ በቀረበበት ዕለት ራትቦን ተነሥተው ተናገሩ። የ72 ዓመት ሴት ነበሩ። የገንዘቡን ማነስ ቢተቹም እንደ ጅማሬ ተቀበሉት፤ ለአባት ይከፈል የሚለውን ግን በምንም መልኩ እንደማይቀበሉ አስታወቁ። መከራከሪያቸው በአጭሩ ሲገለጽ፣ ይህ ገንዘብ የልጆች ነው፤ ስለዚህ ልጆቹን በየቀኑ በምታበላውና በምታለብሰው እጅ ሊገባ ይገባል የሚል ነው። አብዛኞቹ አባቶች ደጎች መሆናቸውን አልካዱም። ነገር ግን ሕግ የሚወጣው ለደጎቹ አይደለም፤ ደግ አባትማ አበሉ በሚስቱ ስም ቢሆን ምን ይጎዳዋል? ክፉው ግን በስሙ ሲሆን ሕጉን ጋሻ ያደርገዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ አገር እናትነትን እንደ ሥራ የሚቆጥርበት የመጀመሪያው ሕግ እናቲቱን እንደ ባሏ ተቀጥላ አድርጎ ሊጽፋት አይገባም ብለው ተከራከሩ። አንቀጹ ካልተስተካከለ በመጨረሻው ንባብ ሕጉን እንደሚቃወሙም ተናገሩ።

ይህ ዛቻ ለይስሙላ አልነበረም። ሕጉ የእርሳቸው መሆኑን አዳራሹ በሙሉ ያውቃል፤ እናቱ የካደችው ሕግ ምን መልክ ይኖረዋል? ከየፓርቲው ያሉ ሴት አባላትና ብዙ ወንዶችም ከጎናቸው ቆሙ። በመጨረሻም መንግሥት አባላቱ በፓርቲ ትእዛዝ ሳይያዙ በኅሊናቸው ድምፅ እንዲሰጡ ስለፈቀደ፣ አበሉ የእናት እንዲሆን ተወሰነ። ሕጉ ጁን 15 ቀን 1945 ጸደቀ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን፣ ራትቦን 3 ሺሊንግ የጎደለበትን ገንዘብ ተቀብለው በስሙ ጉዳይ ላይ ግን አለመስማማታቸውን ነው። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርገው ነበር፤ ለተጨማሪ ሺሊንግ ታግሎ ስሙን ይተወዋል። እርሳቸው ግን የገንዘቡ መጠን በሚቀጥለው በጀት ሊጨመር እንደሚችል፣ በሕግ የተጻፈ ባለቤትነት ግን ሥር ከሰደደ በኋላ ለመንቀል እንደሚያስቸግር ተረድተው ነበር።

በሁሉም ነገር ቀንቷቸዋል ለማለት አይደለም። በሕንድ ስለሚፈጸመው የሕፃናት ጋብቻ በጻፉትና በተናገሩት ጊዜ፣ በ1929 ለንደን ውስጥ በጠሩት ስብሰባ ላይ የተገኙ የሕንድ ሴቶች «ስለ እኛ እኛው እንናገር» በሚል መንፈስ ፊት ለፊት ተቃውመዋቸዋል። ተቃውሞው ተገቢ ነበር። በሌላ በኩል በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር የእንግሊዝ መንግሥት ያሳየውን ቸልተኝነት አጥብቀው ካወገዙት የምክር ቤት አባላት አንዷ እርሳቸው ነበሩ። ከ1938 ወዲህ ደግሞ ከናዚዎች ስለሚሸሹ ስደተኞች እጅግ ብዙ ጥያቄ ለሚኒስትሮች ከማቅረባቸው የተነሣ፣ «የስደተኞች የምክር ቤት አባል» የሚል ስም ተሰጥቷቸዋል።

ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችስ? በዚህ ረገድ ከቤተሰብ አበሉ አስቀድሞ የወጣ ሕግ አለ። በ1925 የወጣው የባል አልባ ሴቶች፣ የወላጅ አልባ ሕፃናትና የአረጋውያን ጡረታ ሕግ፣ ባሏ ለሞተባት ሴት በሳምንት 10 ሺሊንግ፣ ለመጀመሪያ ልጇ 5 ሺሊንግ፣ ለሌሎቹ ለእያንዳንዳቸው 3 ሺሊንግ፣ ሁለቱንም ወላጆቹን ላጣ ልጅ ደግሞ 7 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ይሰጥ ነበር። ጉድለቱ መዋጮ ለከፈሉ ሠራተኞች ቤተሰብ ብቻ መሆኑ ነው፤ አባቱ በመድኅን ያልተመዘገበ ልጅ ከነየቲምነቱ ባዶ እጁን ይቀራል። የ1945ቱ የቤተሰብ አበል ግን ከመንግሥት ግምጃ ቤት ስለሚወጣ፣ የአባትን መዋጮም ሆነ የቤተሰቡን ድህነት ማረጋገጫ አይጠይቅም። የመጀመሪያው ልጅ ግን እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ከአበሉ ውጭ ሆኖ ቆይቷል። በ1946 በወጣው የብሔራዊ መድኅን ሕግ ደግሞ ወላጆቹ የሞቱበትን ልጅ ወስዶ ለሚያሳድግ ሰው የሚከፈል የአሳዳጊ አበል ተጨመረ፤ ይህም አበል ዛሬም በብሪታንያ ይከፈላል።

የቤተሰብ አበሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈለው ማክሰኞ ኦገስት 6 ቀን 1946 ነው። እናቶች በስማቸው የተዘጋጀላቸውን ደብተር ይዘው በየሰፈራቸው ፖስታ ቤት ተገኝተው ገንዘባቸውን ተቀበሉ። ኤሌኖር ራትቦን ጃንዋሪ 2 ቀን 1946፣ ከዚያ ማክሰኞ ሰባት ወር ቀደም ብለው አርፈው ነበር።