የናማጋ ጎጆና የእንግሊዝኛ ቃላት

ቀረብ በሉ፤ ይህን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጮክ ብሎ የሚናገረው የለም። ተማሪ “ቲቸር፣ ከባድ ከባድ ቃላት እንዴት ልወቅ?” ብሎ ሲመጣ የምንሰጠው በፎቶ ኮፒ የተባዛ ዝርዝር ነው፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው። እኔም ወልቂጤ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር ለዓመታት ይህንኑ አድያለሁ። ሰኞ ሃያ ቃል ይሸመደዳል፣ ዓርብ ይፈተናል፣ በሳምንቱ ከሃያው ሦስቱ ቢተርፉ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ዝርዝሩን ማባዛት አልተውንም፤ ብዙዎቻችን አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር ሳናነብ ነው ሰሌዳው ፊት የቆምነው። ያላነበበ ሰው ደግሞ “አንብቡ” ለማለት አፉ አይደፍርም።

ደፈር ያለ ተማሪ ልብ ወለድ ልሞክር ሲል ስሙ የገነነውን፣ ውፍረቱ ጡብ የሚያህለውን ያነሣል። አሥር ገጽ ሳይዘልቅ ይተወዋል። ሰንፎ አይደለም። የቃላት ትምህርት ተመራማሪው ፖል ኔሽን በ2006 እ.ኤ.አ. እንዳሰላው፣ ለአዋቂ የተጻፈ ልብ ወለድን ያለ ረዳት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ (ቃሉ ከነርቢዎቹ እንደ አንድ ተቆጥሮ) ማወቅ ያስፈልጋል። ያን ያህል የሚያውቅ አንባቢ ከመቶው ቃል 98ቱን ያውቃል። በሃምሳ ቃል መካከል አንድ እንግዳ ቢመጣ ከዙሪያው ይገመታል፤ በየመስመሩ ሦስት ሲመጣ ግን ለመገመት እንኳ መቆሚያ ይጠፋል።

ታዲያ ያን ያህል ቃል ለሌለው ልጅ መግቢያው በየት ነው? እኔ ያገኘሁት እዚሁ ጉራጌ ምድር ነው። የዚሁ ምድር ልጅ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም “ዘ አፈርሳታ” የተባለውን ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ጽፎ በ1969 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ ያወጣው ሃይንማን፣ በአፍሪካ ደራስያን ተከታታዩ ውስጥ ነው። የቺንዋ አቼቤ መጽሐፍ በመጀመሪያነት የወጣበት ያው ተከታታይ ማለት ነው። ታሪኩ እንዲህ ይነሣል፦ አንድ ሌሊት የናማጋ ጎጆ ይቃጠላል። የውድማ ሠላሳ መንደሮች ነዋሪዎች እሳቱን የለኮሰውን ለማውጣት አፈርሳታ ይቀመጣሉ። ሌላው አገር አውጫጭኝ የሚለው መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ነው ምስጢሩ። የወልቂጤ ልጅ ቃሉን ባያውቅ ነገሩን ያውቀዋል። የሣር ክዳን ቤት ገብቶ አድሯል፣ በእንሰት ጓሮ ሮጧል፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ሲጨቃጨቅ ከዳር ቆሞ ሰምቷል፣ የጆካን ሸንጎ ስም ከአባቱ አፍ ያውቃል። ስለዚህ “ታችድ” (በሣር የተከደነ) የሚለው ቃል ሲመጣበት ሊሸመድደው አይገባም፤ ጣራው ዓይኑ ላይ አለ፣ የጎደለው ስሙ ብቻ ነው። እንሰትን ካነሣሁ አይቀር፣ እንግሊዞቹ ሐሰተኛ ሙዝ ይሉታል፤ ሳይንሱ ግን “ኤንሴቴ” ብሎ ከእኛው አፍ ነው የወሰደው። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ቀና ብለው ይቀመጣሉ።

አነባበባችንን ልንገራችሁ። አንድ ቅጂ ለስድስት ልጅ ነው የምንቀባበለው። ለማይታወቅ ቃል እርሳስ ይዘን ግርጌው ላይ ነጥብ እናደርጋለን እንጂ ወደ መዝገበ ቃላት አንሮጥም። ያው ቃል ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ነው የዶክተር አምሳሉ አክሊሉ መዝገበ ቃላት የሚከፈተው። ደብተር ላይ የሚገለበጠውም ቃሉ ሳይሆን ሙሉው ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ ቅዳሜ እንገናኝና እያንዳንዱ ምዕራፉን በራሱ እንግሊዝኛ ይተርካል። ቃሉ የሚፈተነው እዚያ ነው።

በአንዱ ቅዳሜ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ “ሰስፒሸስ” በሚለው ቃል ተያዘች። “ቲቸር፣ ሰውየው ሰስፒሸስ ነው ካልኩ የሚጠረጥር ነው ወይስ የሚጠረጠር?” አለችኝ። ሁለቱንም ነው፤ ጠርጣራም አጠራጣሪም። ለዓመታት ያደልኩት ዝርዝር አንዱን ብቻ ነበር የያዘው። “ስዌር”ም እንደዚያው፣ መማልም መሳደብም ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግርህ ተናጋሪው የቆመበት ቦታ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን በጎሪጥ በሚያይበት፣ አገር በመሐላ በሚጠያየቅበት ታሪክ ውስጥ ልጆቹ ይህን ለመለየት የእኔ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

ጊዜ የለንም ለሚሉኝ የተርጓሚውን የነቢይ መኰንንን ነገር አነሣላቸዋለሁ። በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚችልን ያን ወፍራም ልብ ወለድ በሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መለሰው፤ ኋላ “ነገም ሌላ ቀን ነው” ተብሎ ታተመ። በዚያ ክፍል ውስጥ ለእያንዳንዷ እንግሊዝኛ ቃል የከፈለውን ትዕግሥት ሳስብ እኔም ቅዳሜዬን መሰዋቴ አይከብደኝም።

ያቺ በ“ሰስፒሸስ” የተያዘችው ልጅ “ዘ አፈርሳታ”ን የጨረሰች ዕለት ቀጥሎ ምን እንደምታነብ ጠየቀችኝ። ደራሲው ከዚያ ቀደም በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣ “የሺኔጋ መንደር” የሚባል ሌላ መጽሐፍ እንዳለው፣ እሱም መጀመሪያ በቸሃ ጉራግኛ ተጽፎ በዎልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ እንደተመለሰ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና፣

“በቸሃ? ታዲያ ሰውየው ጀፎረን በእንግሊዝኛ ምን አለው?” አለች።

በቤቶቹ መካከል የተንጣለለውን ያን የሣር ጎዳና በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ለመጥራት ሞከርን፤ መንገድ አይደለም፣ ሜዳ አይደለም፣ አደባባይም አይበቃውም። መጽሐፉን እስክናገኘው ብላ ደብተሯን ከፈተች። “ጀፎረ” ብላ በስተግራ ጻፈች፣ ቀኙን ባዶ ተወችው።