ደንበኞችን ሁለት ሁለት እያደረጉ ስለ ማነጻጸር

አንድ የሆሳዕና ጅምላ ነጋዴ የሆሳዕናን፣ የሾኔን፣ የዱራሜንና የአንጋጫን ደንበኞች የወር ግዢ ሁለት ሁለት እያደረገ ቢያነጻጽር፣ 6 ጥንድ ይወጣለታል። የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ለአንድ ንጽጽር በልማድ የሚፈቅዱት የስሕተት መጠን ከ100 5 ነው፤ ይኸውም ልዩነት ሳይኖር በአጋጣሚ ብቻ ያለ መስሎ የሚታይበት ነው። 6ቱ ጥንዶች በአንድነት ሲታዩ ግን፣ አራቱ ከተሞች በእውነት እኩል የሚገዙ ቢሆኑ እንኳ፣ ቢያንስ አንዱ ንጽጽር በሐሰት ልዩነት የማሳየቱ ዕድል ከ100 ወደ 20 ይጠጋል። በዚህ ተታሎ ለአንዲቱ ከተማ ጭነት የሚያበዛ፣ ለሌላይቱ ዱቤ የሚከለክል ነጋዴ ለኪሳራ ይዳረጋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በጣልያናዊው ሊቅ በቦንፈሮኒ ስም የሚጠራው ዘዴ 5ን ለ6 ያካፍላል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥንድ የሚፈቀደው ስሕተት ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም።

ደግሞም «ልዩነት አልታየም» ማለት «እኩል ናቸው» ማለት አይደለም፤ የተመዘገቡት ደንበኞች ጥቂት ሲሆኑ እውነተኛውም ልዩነት ይሸሸጋል። ስለዚህ ሆሳዕና ከሾኔ፣ ሾኔም ከዱራሜ ልዩነት ባያሳዩ፣ ሆሳዕናና ዱራሜ ሊለያዩ ይችላሉ። ልዩነቱ ቢረጋገጥም፣ በብር ስንት እንደሆነና የጭነት መኪናውን ኪራይ የሚሸፍን መሆኑን ማስላት የነጋዴው ፈንታ ነው።